«እንደ ቻይና ሥሩ» ሲባል

ርእሰ አንቀጽ

ተመርቀን ወደ መሥሪያ ቤት የምንገባበት ቀን በተቃረበ ቁጥር ከታላላቆቻችን አንድ ምክር ደጋግመን እንሰማለን፤ ይኸውም «እንደ ቻይና ሥሩ» የሚል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን አዲሱን የባቡር ሐዲድ የቻይና ኩባንያዎች ሲዘረጉ ያየ ሰው ይህን ቢል አያስደንቅም። ምክሩንም አንነቅፍም። ነገር ግን ተማሪ የሰማውን መርምሮ መቀበል ይገባዋልና፥ ከቻይና የምንማረው የትኛውን ነው ብለን እንጠይቃለን።

በእርግጥ ልንማረው የሚገባን አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 በቺንግዳዎ ከተማ አንድ ደንበኛ የገዛው ማቀዝቀዣ መበላሸቱን ለፋብሪካው አመለከተ። ሥራ አስኪያጁ ዣንግ ሩይሚን መጋዘኑን ቢያስፈትሹ 76 ጉድለት ያለባቸው ማቀዝቀዣዎች ተገኙ። በዚያን ጊዜ አንዱ ማቀዝቀዣ የአንድ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ደመወዝ ያህል ያወጣ ስለ ነበር፥ በርካሽ ለሠራተኞች ይሸጡ ያሉ አልጠፉም። እርሳቸው ግን ሠራተኛው ሁሉ እያየ በመዶሻ እንዲሰባበሩ አዘዙ፤ መዶሻውንም አስቀድመው ያነሡት ራሳቸው ነበሩ። ያ ፋብሪካ ዛሬ ሃየር በሚል ስም በዓለም የታወቀ ኩባንያ ሆኗል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «እስከ እኩለ ሌሊት ሥሩ» የሚል ቃል የለም። ያለው የተበላሸ ሥራን ማፈርና የአለቃ ቀድሞ መገኘት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ ከአለቃ ወደ ጸሐፊ፥ ከጸሐፊ ወደ ተላላኪ ይወርዳል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሸኛል።

ልንማረው የማይገባን ደግሞ አለ። በቻይና ብዙ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ሠራተኛውን በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፥ በሳምንት ስድስት ቀን ያሠሩ ነበር። ይህም በሳምንት 72 ሰዓት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስመ ጥሩው ነጋዴ ጃክ ማ ይህን እንደ ታላቅ በረከት ቆጥረው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ግን የኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ ራሳቸው፥ እንዲህ የሠራ ሰው መጨረሻው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ሲሉ በኢንተርኔት ተቃውሟቸውን አሰሙ። እነዚህን ሰነፎች ናቸው የሚል ይኖር ይሆን? የኩባንያዎቹን ሀብት የገነቡት እኮ እነርሱ ናቸው።

የአገሪቱም ሕግ ከእነርሱ ጋር ነበር። የቻይና የሥራ ሕግ በቀን ከ8፥ በሳምንትም በአማካይ ከ44 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራን አይፈቅድም፤ ትርፍ ሰዓትንም በወር በ36 ይገድባል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ያ ልማድ ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ። ለአብነት ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ፥ በዚህ ሰዓት አልሠራም በማለቱ የተባረረ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ሠራተኛ 8,000 ዩዋን ካሳ እንዲከፈለው የተወሰነበት ነው።

እንግዲህ ቻይናውያን ራሳቸው የተከራከሩበትንና ሕጋቸው የከለከለውን እኛ እንደ ጥበብ ብንቀበል ምን ይሉናል? የእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን አዋጅ ሳያነብ የቅጥር ውል የሚፈርም ምሩቅ መማሩ ምን ጠቀመው?

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ነገ አለቃ «እንደ ቻይና ሥሩ» ሲለን፥ «እሺ፤ መዶሻውን እርስዎ አስቀድመው ያንሡ» ለማለት እንድፈር። ነገ አለቃ የምንሆነውም እኛው ነንና፥ ከጓደኛ የተገለበጠውን የላቦራቶሪ ሪፖርት ቀድዶ እንደገና በመሥራት ልማዱን ከዛሬው እንጀምር እንላለን።