የማይደፈረው ግቢ

እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ለዲፕሎማት የሚሰጠው ከለላ ሰፊ ነው። አይታሰርም፤ በተቀባዩ አገር የወንጀል ችሎት አይዳኝም። ኤምባሲውም ኃላፊው ካልፈቀደ ፖሊስ አይገባበትም።

አዲስ አበባ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። በግንቦት 1983 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ አንዳንድ ባለሥልጣናቱ ጣሊያን ኤምባሲ ገብተው ተጠለሉ። ከእነሱ አንዱ ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህ የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ የኤምባሲ አጥር ምን ያህል እንደሚከበር የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው፤ ጣሊያን ግን የሞት ቅጣት የሚጠብቃቸውን ሰዎች አሳልፋ አልሰጠችም። ኢትዮጵያም በሩን አልሰበረችም። ፍርድ ቤት እሳቸውና ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላ በአመክሮ እንዲለቀቁ የወሰነው በታኅሣሥ 2013 ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ለተበዳዮች ቤተሰቦች መራር ቢሆንም፣ በሩን አለመስበሩ ትክክል ነበር።

ዲፕሎማቱ ራሱ ሲያጠፋ ነገሩ ይለያል። ከለላው የላኪው መንግሥት እንጂ የግለሰቡ ንብረት ስላልሆነ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዋሽንግተን ውስጥ ጠጥቶ ሲያሽከረክር የ16 ዓመት ልጃገረድ የገደለውን ዲፕሎማት ጆርጂያ ከለላውን አንስታ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ሰጥታዋለች። ጥፋቱን አምኖ ታሰረ።

ስምምነቱ ዲፕሎማቶች የተቀባዩን አገር ሕግ እንዲያከብሩም ያስገድዳል። ላኪው አገር ዝም ሲል፣ ተቀባዩ ምክንያት ሳይዘረዝር ዲፕሎማቱን ማባረር ይችላል። ይህን መብት መጠቀም ነውር ተደርጎ መታየት የለበትም።