ከ«በፊት» እና ከ«በኋላ» መሃል ያለችውን ሴት ማን ያስታምማት?

«ወንድሜ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።»

የአክስቴን ልጅ ልቀበላት ቦሌ ኤርፖርት ሄጄ መጀመሪያ ያለችኝ ይኼን ነው። ሰላምታ እንኳ አልቀደመውም። ላቅፋት ስጠጋ ወደ ኋላ ሸሸች። ሻንጣዋን ከጋሪው ማውረድ አቅቷታል፤ ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አትችልም። ዱባይ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ ከፍላ፣ ኢስታንቡል ውስጥ ጡቷን በሰርጀሪ ካስተለቀች ገና አራተኛ ቀኗ ነበር።

እናቷ የሚኖሩት ከእኔ ኮንዶሚኒየም በታክሲ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። ልጃቸው ግን ዱባይ ያለች መስሏቸው በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወሉላት። እሷም እኔ መኝታ ክፍል ውስጥ ትራስ ተደግፋ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል እማዬ» እያለች ትመልስላቸዋለች።

ታሪኩን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተው» ያለችኝ እሷው ናት።

ሰርጀሪ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። እሱን በየኮሜንቱ ስትከራከሩበት ከርማችኋል። እኔም ተከራክሬበታለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ። የዛሬው ጠቤ ሌላ ነው። ይኼ አገር ሰርጀሪውን የሚሸጥላት ደላላ አለው፤ ተሠርታ ስትመጣ የሚሳለቅባት ሕዝብ አለው፤ ስትታመም የሚያስታምማት ግን የለውም።

ከደላላው ልጀምር። የመጣው በቴሌግራም ነው። «ሆቴል፣ ከኤርፖርት መቀበል፣ አስተርጓሚ፣ ኦፕሬሽን፣ ሁሉን ያካተተ፣ አምስት ቀን ብቻ!» ከሥሩ ሁለት ፎቶ። አንዱ ላይ «በፊት»፣ ሌላው ላይ «በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ናት። ደላላው የማያሳየው ነገር ሁሉ ያለው እዚያች መስመር ውስጥ ነው።

እስቲ መስመሯን እንክፈታት። በተለይ ሲሊኮኑ ከጡንቻ ሥር ከገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ይከብዳሉ። በሆድም በጎንም መተኛት የለም፤ ትራስ ደርድሮ በጀርባ፣ ቀና ብሎ ነው። አጥብቆ የሚይዝ የጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም ይለበሳል፣ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ልጅ ማዘል፣ ልብስ በእጅ ማጠብ አይቻልም። ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይሞከራል። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራና ስፖርት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቅለታል። እብጠቱ ወርዶ ቅርጹ እስኪረጋ ደግሞ ወራት ይሄዳል።

ስድስት ሳምንት በእኛ አነጋገር አርባ ቀን ነው። የአራስ ቤት ያህል! አራሷ እናት አላት፣ እህት አላት፣ ጎረቤት አላት፣ ገንፎና አጥሚት አላት። ይቺኛዋ ያላት የተቆለፈ በርና ስልክ ነው።

«አምስት ቀን ብቻ» የሚለውንም እንየው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ውጭ አገር ሄደው ለሚሠሩ ሴቶች ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሳፈሩ እንዲቆዩ ይመክራል። ቀዶ ሕክምናም ረጅም በረራም ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይብሳል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። የእኔዋ በአራተኛው ቀን አምስት ሰዓት ገደማ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጣች። «ፓኬጁ አልቋል» ብለዋት ነው።

በዘጠነኛው ሌሊት ትኩሳት ያዛት። የግራ ጡቷ ቀላ፣ ጋለ፣ ከቀኙ ተለይቶ አበጠ። ለደላላው ጻፈችለት። ሁለቱ ምልክቶች ታዩ፤ አንብቦታል። መልስ የለም። ሲነጋ ብሎክ አድርጓታል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ተረኛው ሐኪም ቁስሉን እንኳ ሳያይ «የሠራሽ ይይሽ፣ እኔ ሰው የሠራው ውስጥ አልገባም» አላት። የሠራት ሰው ያለው ኢስታንቡል ነው! ሁለተኛው ቦታ ካርድ የምታወጣው ልጅ «ሕመምሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ስትሰማ ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አድርጋ ሳቀች። የአክስቴ ልጅ «ቤት እንሂድ፤ ብሞትም ቤት ልሙት» አለችኝ። ሦስተኛው ሆስፒታል ውስጥ አንድ ቀዶ ሐኪም ሳይስቁና ሳይቆጡ ተቀበሏት። በደም ሥሯ መድኃኒት ተጀመረላት፤ አልበቃም። በመጨረሻ የግራው ሲሊኮን ወጣ። ባክቴሪያ አንዴ ሲሊኮኑ ላይ ከሰፈረ ብዙ ጊዜ ካልወጣ አይድንም። ሐኪሙ «ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ሁለት ቀን። ቁስሉ መቅላት የጀመረው ከሁለት ቀን በፊት ነበር። እኔ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ቀናት እዚያው ቤት፣ ግድግዳ ብቻ በሚለየን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

«የጻፍከውን አንብቤዋለሁ» አለችኝ።

አዎ፣ ጽፌ ነበር። ከዓመት በፊት በፌስቡክ ገጼ ሰርጀሪ በሚሠሩ ሴቶች ላይ «የፕላስቲክ ትውልድ» ብዬ ቀልጄ ነበር። ብዙ ሰው ሳቀ፤ ብዙ ሰው ሼር አደረገው። እኔ በማግስቱ ረሳሁት። እሷ ግን ዱባይ ሆና አንብባ፣ ስትታመም አስታውሳው፣ ሁለት ቀን ትኩሳቷን ዋጠች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለደበቀው ሰው ይሰጣል። ያስደበቀውን አይጠይቅም።

መልሳችሁን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «ማን ተሠሪ አላት? ራሷ ያመጣችው ነው።» እሺ። ጠጥቶ መኪና ነድቶ እግሩን የሰበረውን ሰው ሐኪም «የሰበረህ ይጠግንህ» ይለዋል? ከኢስታንቡል የሚመጣ አውሮፕላን ተሳፍራችሁ ታውቁ እንደሆነ ፀጉር አስተክለው የሚመለሱትን ወንዶች አይታችኋል፤ ጭንቅላታቸው ታስሮ፣ ግንባራቸው አብጦ፣ በኩራት ተቀምጠው። እነሱን «ዘነጥክ!» ብለን እናልፋቸዋለን። ክብራቸውንም አስተዳደጋቸውንም አንጠይቅም። ያው ከተማ፣ ያው ደላላ፣ ያው ዶላር ነው። ልዩነቱ የማን ገላ ነው የሚለው ብቻ ነው።

«ባህላችን አይደለም» የሚለውም አለ። አያቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ እየተወጉ ተነቅሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ደርድረዋል። አብጦ፣ ደምቶ፣ አሞ ነው ያማረው። ልዩነቱ ያኔ የተነቀሰችውን ልጅ ድዷ እስኪድን ቤተሰቧ ያስታምማት ነበር። ከባህሉ የተውነው ማስታመሙን ነው።

ሳቃችን የሚያርፈው ደግሞ እነሱ ላይ ብቻ አይደለም። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። ጡቷን በካንሰር ያጣች ሴት እንደገና ልታሠራ ብትፈልግ የምትገባው እዚሁ ሕክምና ውስጥ ነው። እሷም ኮሜንታችንን ታነባለች። የጡትን ነገር ሁሉ ወይ ነውር ወይ ቀልድ ባደረግን ቁጥር፣ እብጠት ዳስሳ ዝም የምትለዋም ሴት ትበዛለች።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልግባ። እነዚህ ሴቶች ይዘው የሚመጡት ሲሊኮን ሰው ገላ ውስጥ የተቀበረ የሕክምና መሣሪያ ነው፤ ክትትል ይፈልጋል። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሂውስተን በዶክተር ክሮኒን እና በዶክተር ጌሮው ከገባ ወዲህ የዚህ ሙያ ታሪክ የክትትል ጉድለት ታሪክም ነው። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ፣ ለኢንዱስትሪ የሚውል ርካሽ ሲሊኮን ሲሞላ እንደነበር የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ ምርቱ በብዙ አገር በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ገላ ውስጥ ገብቷል። መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስ በ2013 ማርሴይ ላይ አራት ዓመት ተፈረደበት። በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ገጻቸው ሻካራ የሆኑ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ ከጡት ካንሰር ከተለየ፣ ሲሊኮኑን ከከበበው ጠባሳ ከሚነሳ የሊምፎማ ካንሰር ጋር ተያይዘው ስለተገኙ ነው። የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ከዓመታት በኋላ የሚመጣ እብጠት ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሲሊኮን የዕድሜ ልክ ዕቃ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። በ2011 ባወጣው መረጃ ለማማር ካሠሩት ሴቶች እስከ ከ5 አንዷ በ10 ዓመት ውስጥ ማስወጣት ይኖርባታል። ምንም ሕመም ባይሰማትም ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንድትታይ፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ እንድትደግም ይመክራል። ከ2021 ጀምሮም ሴቷ ከመወሰኗ በፊት አደጋዎቹን አንድ በአንድ አንብባ የምትፈርምበት ቅጽ እንዲሰጣት አስገድዷል።

የአክስቴ ልጅ ምን ፈረመች? በቱርክኛ የተጻፈ ወረቀት። የሲሊኮኗን አምራችና መለያ ቁጥር የያዘውን ካርድስ? አልሰጧትም። መጠየቅ እንዳለባትም የነገራት የለም። ነገ አንድ ኩባንያ ምርቱን ከገበያ ቢሰበስብ በቀኝ ጡቷ ውስጥ ያለው የማን እንደሆነ አታውቅም። የስልኳን መለያ ቁጥር ግን ታውቀዋለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአራት ወገን ነው።

ለጤና ሚኒስቴርና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ የማስታወቂያ አዋጃችን ቁጥር 759 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ቲክቶክ ገና አልተፈጠረም ነበር። ዛሬ ቀዶ ሕክምና እንደ ጫማ በቴሌግራም ይሸጣል። ደላላው በአማርኛ፣ ለኢትዮጵያውያን፣ በብር ዋጋ እየነገረ እስከሸጠ ድረስ «ሆስፒታሉ ውጭ አገር ነው» ማለት መልስ አይሆንም።

ለሐኪሞች፦ «የሠራሽ ይይሽ» የሚባለው ለልብስ ሰፊ ደንበኛ ነው። ትኩሳት ይዟት የመጣች ሴት በሽተኛ ናት። የሌላ ሐኪም ሥራ መንካት የሚያስፈራ ከሆነም ትኩሳቱን ለክቶ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ ወደሚያይላት መላክ የሚከለክል የለም።

ለምትሄዱ እህቶች፦ አልመክራችሁም፤ መካሪ በዝቶባችኋል። ብቻ ካርዱን ሳትቀበሉ አትምጡ። አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ። ትኩሳት፣ የአንድ ወገን ድንገተኛ እብጠት፣ መቅላት፣ መግል፣ የእግር እብጠት፣ የደረት ውጋት ወይም ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ሰው ምን ይለኛል ሳትሉ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

አራተኛው እኛ ነን፤ ስልካችንን ይዘን የምንስቀው። ከስክሪኑ ማዶ ትኩሳቷን የምትለካ ሴት አለች። የቀለድኩትን አጥፍቼዋለሁ፤ ሼር ካደረጉት ሰዎች ገጽ ላይ ግን ማጥፋት አልችልም።

በመጨረሻ ለአክስቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሲሊኮኑ በወጣ በማግስቱ፣ ልጃቸው ካስማለችኝ በኋላ መሐላዬን አፍርሼ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አንስተው በአንድ እጃቸው ፔርሙስ ይዘው መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አጥሚቱን በጽዋ ቀዱላት፤ ክንዷን ማንሳት ስለማትችል ራሳቸው አጠጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሠራችውን አልወደድኩትም» አሉኝ። «አንተ ግን ዘጠኝ ቀን ልጄን ያለ እናት ያስተኛሃት ምን አድርጌህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት።

ቸር ያሰማን።