ዝቅተኛ ነጥብና የዘገየ ቀዶ ሕክምና፦ ስለ ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ ምርመራ

እግሩ ቀላ ብሎ በጥቂቱ ያበጠ ሕመምተኛ ሥቃዩ በዓይን ከሚታየው ጉዳት ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ከሆነ፣ ሐኪሙ ሊይዘው የሚገባው ዋና ምልክት ይኸው ነው። ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ የሚስፋፋው ፋሺያ በተባለው የጡንቻ ልባስ በኩል በመሆኑ፣ ቆዳው ለጊዜው ደኅና ይመስላል። ውኃ የቋጠረ፣ የደነዘዘ ወይም ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ቆዳ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በሲንጋፖር የቀረበው ኤልሪኔክ የተሰኘ መለኪያ ይህን ችግር ለማቃለል ያለመ ነበር። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን፣ ነጭ የደም ሕዋስን፣ ሄሞግሎቢንን፣ ሶዲየምን፣ ክሪያቲኒንንና የደም ስኳርን መዝኖ እስከ 13 ነጥብ ይሰጣል፤ 6 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ይጠረጠራል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተና፣ ይህ ወሰን በሽታው ካለባቸው የሚለየው 68 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስት ሕመምተኞች አንዱን የሚያሳልፍ መለኪያ ጥርጣሬን ያጠናክር ይሆናል እንጂ ሊሽረው አይችልም። ችግሩ ግን ዝቅተኛው ነጥብ አንዴ በካርዱ ላይ ከሰፈረ በኋላ የሕመምተኛው ሥቃይ ሰሚ ማጣቱ ነው።

ምርመራውን የሚያረጋግጠው ቀዶ ሕክምና ነው። በአካባቢ ማደንዘዣ እስከ ፋሺያው የሚደርስ 2 ሴንቲሜትር ያህል ስንጥቅ ይበቃል። ደም የማይወጣው፣ እንደ ዕቃ እጣቢ የደፈረሰ ፈሳሽ የሚያፈልቅና በጣት ሲገፉት ያለ ችግር የሚላቀቅ ኅብረ ሕዋስ ከተገኘ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የሞተው ክፍል ወዲያውኑ ተቆርጦ መውጣት፣ ቁስሉም በ24 ሰዓት ገደማ ውስጥ ዳግም መታየት አለበት፤ አንቲባዮቲክ፣ በተለይም የስትሬፕቶኮከስን መርዝ ምርት የሚገታው ክሊንዳማይሲን፣ የቀዶ ሕክምናው አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም፤ የደም ዝውውር ወደሌለው ሥጋ መድኃኒት አይደርስምና።

በኢትዮጵያ ይህ ክርክር የቦታም ጥያቄ ነው። በማስተርስ ደረጃ የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሆድ ከፍተው ያክማሉ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ባለበት፣ ሕመምተኛውን ለሲቲ ስካን ብሎ ወደ ሩቅ ከተማ መላክ ትክክል አይመስልም፤ ስንጥቁ እዚያው ሊደረግ ይችላል። ያለ በሽታ የሚሰነጠቁ እንደሚኖሩ አይካድም። የእነርሱ ኪሣራ ትንሽ ጠባሳ ነው፤ በመንገድ ላይ ሰዓታት ያለፉበት ግን እግሩን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።