ማንን እንደምንመርጥ አስቀድሞ ከታወቀማ

እህቶቼ፣ የምርጫ ነገር ሲነሳ «ፖለቲካ ለእኛ ምናችን ነው» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ትንሽ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2022 ሊባኖስ ፓርላማዋን ስትመርጥ፣ ያኔ የምሠራላት ማዳም በጠዋት ተነስታ ወደ ተራራው መንደር ሄደች። ቤሩት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። መንደሩ የባሏ አባት መንደር ነው፣ እሷ አልተወለደችበትም። በዚህ አገር ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት ሰፈር ሳይሆን የቤተሰቡ መዝገብ ባለበት ነው፤ ሴት ስታገባ ደግሞ መዝገቧ ወደ ባሏ ይዛወራል። ማታ ጣቷ ቀለም ተነክሮ መጣችና «ይሄ በምን ይለቃል?» አለችኝ። በሎሚም በበረኪናም ፈተግነው፣ እምቢ አለ። ማንን መረጥሽ አልኳት። ያንኑ ሰውዬ! መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ባንክ ያስቀመጠችውን ገንዘብ በተከለከለች ቁጥር የምትረግመውን ሰውዬ።

ያን ቀን ማታ ለጓደኞቼ ደውዬ ነግሬያቸው አብረን ሳቅንባት። አሁን ሳስበው ሳቁ አይመጣልኝም።

ፓርላማቸው 128 ወንበር አለው። ግማሹ የክርስቲያን፣ ግማሹ የሙስሊም ነው፤ ያም መልሶ ይሸነሸናል፤ 34 ለማሮናይት፣ 27 ለሱኒ፣ 27 ለሺዓ እያለ አንድ ወንበር ብቻ እስካላቸው ድረስ ይወርዳል። በ2019 ሕዝቡ መንገድ ወጥቶ «ሁሉም ማለት ሁሉም ይውረዱ» ሲል ከበረንዳ ሰምተናል። ከዚያ ዶላሩ ጠፋ፣ የእኛም ደመወዝ አብሮ ጠፋ፣ በዓመቱ ወደቡ ፈነዳ። ይህ ሁሉ ሆኖ በ2022 ለውጥ ብለው የገቡት አዲሶች ደርዘን ያህል ናቸው። ሴቶቹ ስምንት። አብዛኛውን ወንበር መልሰው የያዙት እነዚያው የድሮዎቹ ናቸው።

ማዳም ግን ሞኝ አይደለችም። ወንድሟ የሆስፒታል አልጋ ሲያጣ የደወለችው ለሰውዬው ቢሮ ነበር፤ ሌላ የሚደወልለት የለማ። አልጋው ተገኘ። ግን መብት መሆኑ ቀርቶ ውለታ ሆነ፣ ውለታው ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይከፈላል። ሰውዬው ድምጿ የእሱ እንደሆነ ያውቃል። ታዲያ መብራት ለማምጣት ምን አስጨነቀው?

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ አገር ድምፅ የለንም፤ ድምፅ ቀርቶ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሕጉ አስወጥቷታል። አገር ቤትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይመርጣል ይላል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ግን ለወታደሩ፣ ለተማሪውና ለተፈናቃዩ ልዩ ጣቢያ ሲፈቀድ፣ በስደት ላለነው አልተከፈተም። ሊባኖሶች እንኳ ከ2018 ጀምሮ ካሉበት አገር ሆነው ይመርጣሉ፤ በ2022 ከ220 ሺህ በላይ ተመዝግበው ነበር። የእኛ ሐዋላ ሲሆን ድንበሩን ይሻገራል።

ስለዚህ በእጃችን ያለችው አንዲት ድምፅ የዚህች ማኅበር ድምፅ ናት። እሷን ምን አደረግናት? ባለፈው ኮሚቴ ሲመረጥ «እጅ አውጡ» ተባለ። የወሎዋ ለወሎዋ፣ የጅማዋ ለጅማዋ፣ የጎንደሯ ለጎንደሯ አወጣች። ማንም ከመቁጠሩ በፊት ቁጥሩን እናውቀው ነበር። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ ለአገሬ ልጅ አወጣሁ። ከጎኗ የቀረበችው የጅማ ልጅ ግን ከፎቅ የወደቀችውን እህታችንን ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ያስታመመች ናት። የሔድኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ወንበር ላይ ተኝታ አይቻታለሁ። አይቼም እጄን አላወጣሁላትም።

«ብሞት ሬሳዬን አገሬ የምታስገባው የአገሬ ልጅ ናት» ትሉኛላችሁ። ፍርሃቱ የሁላችንም ነው፣ አልንቀውም። ግን ባለፈው ሬሳ የላክነው በማን ገንዘብ ነው? ከሁሉም በተዋጣ ነው። አገር ቤት ጦርነቱ ሲነሳ የእሑዱ ቡና ለሦስት ተከፍሎ፣ ዕቁቡ ፈርሶ፣ እስከ ዛሬ ሰላም የማንባባል አለን። ያኔ የከሰረችው የሁሉም ወገን ሴት ናት። ተራዋ ሳይደርስ ዕቁብ የፈረሰባት ከየትም ትምጣ፣ ገንዘቧ ያው ሄዷል።

የኮሚቴው ነገር እንዲህ ነው፤ በአገር ልጅነት የተመረጠች ሒሳብ ብታሳይም ባታሳይም እንደማናወርዳት ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የመዋጮው ደብተር በጉባኤ ተነቦ አያውቅም። ሰረቀች አላልኩም! ያልተነበበው እኛ ስላልጠየቅን ነው፤ ያልጠየቅነው ደግሞ «ገመናችንን ለነዚያ አናሳይም» ብለን ነው። «እነዚያ» ማለት አብረውን የሚያዋጡት ናቸው እኮ።

በመጪው ወር እንደገና እንመርጣለን። እጅ ማውጣት ይቅር፣ በወረቀት ይሁን። ማንበብ የማትችል እህት ካለች በምልክት ይሁን፤ አገር ቤትም በምልክት ይመረጣል። ከዚያ በፊት ደብተሩ ይነበብ። የምትወዳደር ሁሉ ቆማ ትናገር፤ ደመወዝ ለተከለከለች ስንት ጊዜ አብራ ሄደች? ሌሊት ስልክ ሲደወልላት ታነሳለች? የት ተወለድሽ የሚለውን ቡና ላይ እንጠይቃታለን።

እኔ በበኩሌ ባለፈው የመረጥኳትን የአገሬን ልጅ ዘንድሮ እንደማልመርጣት ቤቴ ጠርቼ ነግሬያታለሁ። «ለጅማዋ ልትሰጪ ነው?» አለች። ደብተሩ ሲነበብ እወስናለሁ አልኳት። ተቆጣች። ሦስተኛውን ሲኒ ግን ጠጥታ ነው የሄደችው።