ርካሽ መኪናና የሰው ትንፋሽ

መኪና መግዛት የብዙ ወጣቶች ምኞት ነው። ምኞቱን አልነቅፍም። ዳሩ ግን አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እሰማለሁ እንጂ፥ «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አላገኘሁም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ክርክሬ በዚህች በሁለተኛይቱ ጥያቄ ላይ ነው።

ሐይቅ ከተማ ስኖር ሁለት ወዳጆቼ ገንዘብ አዋጥተን ከሐይቅ ደሴ ሰው የሚያመላልስ አሮጌ መኪና እንድንገዛ አማከሩኝ። መኪናው በተነሣ ቍጥር ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ይህን ባነሣባቸው፥ «አንተ ከፊት ትቀመጣለህ፤ ጭሱ የሚወጣው ከኋላ ነው፤ ምን ቸገረህ?» አሉኝ። ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን የስንቱ ገዢ ልብ ሐሳብ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ከኋላ ያለው ማን ነው? ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐይቅ ከተማ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ተማሪ ይሄዳል፤ ባለጉሊት ትውላለች፤ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚጓዝ ምእመን ያልፋል። ከእነዚህ መኪናውን የገዛ አንድም የለም፤ ገዢው ያገኘውን የዋጋ ቅናሽ ግን በሳንባቸው ይከፍሉለታል።

ጭስ የሞተር አንደበት ነው። ሰማያዊው ጭስ ፋሻው ተበልቶ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይናገራል። ጥቁሩ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል እንደሚወጣ፥ ሞተሩ ሞቆም የማያቋርጠው ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንደሚገባ ይነግርሃል። ከሁሉ የሚከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደምን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የናፍጣ ሞተር ጭስም ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል። በዚህ ላይ የደጋው አየር ስስ ነው፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበትና ጭሱ ይብሳል።

«እኛ ድሆች ነን፤ ንጹሕ አየር የባለጸጋ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ነገር ድሃን የሚወድ ይመስላል፥ ነገር ግን ድሃን የሚጎዳ ነው። ባለጸጋው መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል፤ በመንገድ ዳር ውሎ ጭሱን የሚጠጣው ድሃው ነው።

«ታዲያ አዲስ ከየት እናምጣ?» ለሚሉት ግን እውነት አላቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ገለጠ። አቅሙ ያልደረሰ ሰው ቀድሞ የገባውን አሮጌ መኪና ቢፈልግ አይፈረድበትም። እርጅና ነውር አይደለም፤ ነውሩ የታመመውን ሳያሳክሙ በሰው ላይ መልቀቅ ነው። እኔም የሞተሩ ማደሻ ከመግዣው ጋር አብሮ ካልተዋጣ አልገባበትም አልኋቸው። ፈሪ አሉኝ፤ በዚሁ ተለያየን።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ልትገዛ ብትሄድ ማልደህ፥ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀህ ጠርጥር፤ ጭሱን ለመሸፈን ወፍራም ዘይት የሚጨምርም አለና። የማታውቀው ሰው ሳይሆን የምታምነው መካኒክ ይመርምርልህ። የማደሻውን ዋጋ ጠይቀህ ከመግዣው ጋር ደምር። ከዚያ በኋላ የሚገኘው የመኪናው እውነተኛ ዋጋ ነው። መጠገኛው ከሌለህ መግዣውም የለህም። ቦሎውን በእጅ መንሻ አወጣዋለሁ ብለህ ደግሞ አታስብ፤ ወረቀት የመርማሪውን ዓይን ይሸፍን እንደ ሆነ እንጂ የሕፃንን ሳንባ አይሸፍንም።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ብለዋል። ፋሻ ሲበላ ይለወጣል፤ የተበላ ሳንባ ግን መለዋወጫ የለውም። ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ በገንዘብህ ግዛ፤ በሰው ትንፋሽ ግን አትግዛ።