አሮጌ ካሚዮንና የማቀዝቀዣው ውሃ

ባሕር ለሌላት አገር የጭነት ካሚዮን የየብስ መርከብ ነው። በጅቡቲ የተራገፈ ኮንቴይነር ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ከ800 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጓዛል። አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ ሥራውን ቢጀምርም፥ የአገሪቱ ጭነት አብዛኛው ዛሬም የሚመላለሰው በካሚዮን ነው። ከነዚህም ካሚዮኖች ዕድሜያቸው የገፋ ብዙዎች ስለ ኾኑ፥ አሮጌውን ሞተር ጠብቆ ማኖር የባለንብረቱ ጉዳይ ብቻ ሳይኾን የሕዝብም ጉዳይ ነው።

መንገዱ ለሞተር ታላቅ ፈተና ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በክረምት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈውን የአፋርን በረሓ ያቋርጣል፤ ከዚያም ከአዋሽ ቆላ ተነሥቶ በአዳማ በኩል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ሞጆ ይወጣል። ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ኃይል ሲሶ ያህሉ ሙቀት ኾኖ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል፤ ይህንም ሙቀት ተቀብሎ በራዲያተር በኩል ለነፋስ የሚያስረክበው ይኸው ውሃ ነው። ደግሞም በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በሞጆ ከፍታ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይዞ የመፍያውን ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ያረጀ እንደ ኾነ ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል።

ይህም ኾኖ ሳለ በየጋራዡ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ በብርድ አገር ውሃው ረግቶ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ የተሠራ ነው፤ በአዳማና በሞጆ ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ተራ ውሃ ይበቃል ይባላል። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ብዙ ሞተር ያጠፋውም ይህ ግማሽ እውነት ነው። ብርድን መከላከል ከኩላንት ሥራዎች አንዱ ብቻ ነውና። ሁለተኛው ሥራው የውሃውን የመፍያ ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ሦስተኛውና ለአሮጌ ሞተር ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፥ በውስጡ ያሉት መድኃኒቶች ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከዝገት መጠበቃቸው ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨውና ማዕድን ይበዛበታል፤ ይህም በጋለው ብረት ላይ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እየተጋገረ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናል።

የቀድሞዎቹ ፊያት ካሚዮኖች ተራ ውሃ እየተጨመረላቸው አገር አዳርሰዋል የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን የሚታወሱት የደረሱት ናቸው፤ ቴስታታቸው ተሰንጥቆ በመንገድ የቀሩትን የቈጠራቸው የለም።

ኩላንትም ቢኾን አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለዘለዓለም የሚቀመጥ አይደለም። መልኩ ሳይለወጥ መድኃኒቱ ያልቃል። የቀድሞው ዓይነት በየ2 ዓመቱ ገደማ፥ አዲሱ ዓይነት እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ ይገባዋል። ልዩ ልዩ ዓይነቶችን ማደባለቅ ጉዳት አለው፤ ቀለሙም የታመነ ምልክት ስላይደለ መከተል የሚገባው የመኪናው ሠሪ በመጽሐፉ ያዘዘውን ነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ በጋለ ሞተር ላይ ክዳን የሚከፍት ረዳት ፊቱንና እጁን በእንፋሎት ይቃጠላል። ከዚህ በኋላ አሮጌው ፈሳሽ ከራዲያተሩም ከሞተሩ ግንድም እንዲወርድ ይደረጋል። ንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ሞተሩ ይሠራል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ውሃው ይወርዳል፤ የሚወርደውም እስኪጠራ ድረስ ይደጋገማል። በዚያው ጊዜ የጎማ ቱቦዎቹ፥ ቺንጋው፥ የውሃ ፓምፑና ክዳኑ ይመረመራሉ። በመጨረሻም ኩላንትና ለባትሪ የሚጨመረውን የመሰለ የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ተደባልቆ ይሞላል፤ በውስጡ የቀረው አየር ይወጣል፤ ከመጀመሪያውም ጉዞ በኋላ ልኩ እንደገና ይታያል። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መድኃኒት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ከተገቢው ሙቀት በታች የሚሠራ ሞተር ናፍጣ ያባክናል፥ ቶሎም ያረጃል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ግን የሞተሩን ድምፅ ቢያውቅም ቦርሳው በባለንብረቱ እጅ ነው። ለኩላንት ገንዘብ ያልተሰጠው ሰው በበረሓ መካከል ያገኘውን ውሃ ቢጨምር ሊፈረድበት አይገባም። የጥቂት ሊትር ኩላንትን ዋጋ ለማትረፍ ብሎ ሞተሩን የሚያሳጣ ባለንብረት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ነው። ስለዚህ ባለንብረት የኾነ ሁሉ ለእያንዳንዱ መኪና ኩላንቱ የተለወጠበትን ቀንና ዓይነቱን የሚጽፍበት መዝገብ ይክፈት፤ ወጪውንም ከናፍጣና ከጎማ ወጪ ጋር አስቀድሞ ይመድብ። ሹፌሩም በሞጆ ወረፋ ሲጠብቅ ሞተሩ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት የፈሳሹን ልክና የቱቦዎቹን ጤንነት ይመልከት።

የሚወርደውም አሮጌ ፈሳሽ በሜዳ አይፈስስ። በብዙው ኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ የኾነ መርዝ ስለ ኾነ፥ ሕፃንም ከብትም ሊቀምሰው ይችላል። ከሞጆ ወንዝ የገባው ሁሉ ወደ ቆቃ ሐይቅና ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ያንንም ውሃ የሚጠጣና እርሻውን የሚያጠጣ ሕዝብ ብዙ ነው። የወደቡ ሹማምንትና የከተማው አስተዳደር ተመካክረው አሮጌ ኩላንትና የተቃጠለ ዘይት ለየብቻቸው የሚጠራቀሙበትን ስፍራ ቢያዘጋጁ፥ ለባለ ጋራዡም ለገበሬውም የሚጠቅም ሥራ ይኾናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የሞተር ጥበቃ የሚጀመረው በመንገድ ላይ ጭስ ከታየ በኋላ ሳይኾን ካሚዮኑ ከሞጆ ከመነሣቱ በፊት ነው።