ቀልዱ ከመሪው ወርዶ ሕዝብ ላይ ሲያርፍ

ካምፕ ውስጥ ከዜናው በፊት የዜናው ቀልድ ይደርሳል። ኔትወርኩ ቢደክምም፣ ካርድ ቢወደድም አንዲት ምስል በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ትዞራለች። ሚም የሚሏት እሷ ናት። ብዙዎቹ ያስቃሉ፤ መሳቃችንም ተገቢ ነው። አፍ አውጥቶ መናገር በሚያስቀጣበት አገር ባለሥልጣንን በካርቱን መንቀፍ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ካርቱን ይቅር አልልም። የምጠይቀው፣ ቀልዱ ባለሥልጣኑን ትቶ ዘሩ ላይ የሚያርፈው የቱ ጋ ሲደርስ ነው?

እስቲ ሩዋንዳን እንይ። «ኢንየንዚ» በኪንያርዋንዳ በረሮ ማለት ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስደት ድንበር እየተሻገሩ ጥቃት ለሚያደርሱ ቱትሲ ታጣቂዎች የሚነገር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ካንጉራ» የተባለው ጋዜጣና አርቲኤልኤም ሬዲዮ ቃሉን ለቱትሲ ሁሉ አደረጉት። ታጣቂ ይሁን ሕፃን ልጅ ልዩነት ቀረ። ካንጉራ ካርቱንም ያትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 የጋዜጣውን አዘጋጅ ሀሰን ንጌዜንና ሁለት የሬዲዮውን መሥራቾች ጥፋተኛ አላቸው። በ2007 ይግባኝ ሰሚው አንዳንዱን ክስ ሰርዞ ቅጣታቸውን ቢቀንስም፣ ሦስቱም ነጻ አልወጡም።

የእኛም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ጁንታ» ሲባል መጀመሪያ የሕወሓት አመራር ማለት ነበር። «ሸኔ» የታጣቂ ቡድን ስም ነበር፣ «ነፍጠኛ» ደግሞ የድሮ ሥርዓት። ዛሬ ሦስቱም ጎረቤትን በብሔሩ መስደቢያ ሆነዋል። ይህ የአንድ ወገን በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ቤት ገብቷል።

«ምስል ብቻ እኮ ነው» የሚል ካለ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ነገር ያስታውስ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በሚያዝያ 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የተለጠፈው ካርቱን አልነበረም፤ ግን አሠራሩ አንድ ነው፦ የአንድ ሰው ፊት ይወሰዳል፣ የሕዝብ ጥፋት ይጫንበታል።

በስደተኛነታችንም ቀምሰነዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015፣ ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ፣ የእንግሊዙ ዴይሊ ሜይል ወደ አውሮፓ የሚገቡ ስደተኞችን ከእግራቸው ሥር ከሚሯሯጡ አይጦች ጋር ሥሎ አወጣ። አይጥ እንደ ዘበት የተመረጠ እንስሳ አይደለም። ናዚዎችም በ1940 ባወጡት ፊልም አይሁዶችን ያመሳሰሉት ከአይጥ ጋር ነበር። አይጥና በረሮ ይጠፋሉ እንጂ አይከራከሯቸውም።

እኔ አንድ ምስል ሲደርሰኝ ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ የሰውየውን ስምና ሥልጣን ብሰርዘው ቀልድ ይቀራል ወይ? የቀረው አፍንጫው፣ ቀለሙ፣ የንግግር ዘዬው ወይም ብሔሩ ብቻ ከሆነ የተሰደበው ሕዝብ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውን ነፍሳት፣ አውሬ ወይም በሽታ ያደርጋል ወይ? ሦስተኛ፣ የዚያ ብሔር ተወላጅ የሆነ ጎረቤቴ አጠገቤ ራሽን ተሰልፎ ሳለ ላሳየው እችላለሁ ወይ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መሪዎችም በዚህ ይነግዳሉ። በሰረቀው ወይም ባስገደለው ሲቀለድበት «ሕዝቤ ተሰደበ» ብሎ ከብሔሩ ጀርባ የሚደበቅ አለ። ለእሱ መልሱ አጭር ነው፦ የተሣለው ሥራህ ነው።

በአገራችን የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1185/2012። ካምፕ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ግሩፕ ግን አዋጁ አይጠብቀውም። የሚጠብቀው የግሩፑ አድሚንና እኛው ነን። እንዲህ ያለ ምስል ሲመጣ አታስተላልፉት። የላከውን ሰው በግሩፕ ከማዋረድ በውስጥ መስመር «ወንድሜ፣ ይሄ የሚነካው ማንን ነው?» በሉት። ብዙው ሳያስተውል የላከ ነው፤ ሲጠየቅ ያጠፋዋል። እያወቀ የሚደጋግመውን ግን አድሚኑ ያስወጣው። እዚህ ከአንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው፣ ማታም የምንተኛው ድንኳን ለድንኳን ተጠጋግተን ነው።